ቁልቋልና በለስ፤ የውኃ አዘል ዕፀዋት ስያሜ ታሪክ ለቃላት አወጣጥ ያለው ትምህርት

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አበቦችና ስለ ጌጥ ተክሎች አያያዝ የተጻፈች አንዲት አነስተኛ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። «ካክተስ» የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር «ቁልቋል» እያልን አለፍን። መመሪያዋ ስለ ካክተስ ስትናገር ቅርንጫፉ በሚቆረጥበት ጊዜ እሾሁ እንዳይወጋ ወፍራም ጓንት ማጥለቅ እንደሚበቃ፣ የአንዳንዱም ፍሬ ተልጦ እንደሚበላ ትገልጻለች። እኛም ይህንኑ ሳንጨምር ሳንቀንስ ለቁልቋል ሰጠነው። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ዕድሜያቸውን በአትክልት ሥራ ላሳለፉ አንድ አረጋዊ አነበብንላቸው። አረጋዊው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ፣ «ዶክተር፣ ይህ እርስዎ የሚሉት እኮ በለስ ነው፤ ቁልቋልማ ወተቱ ዓይን ያጠፋል፤ ፍሬውንስ ማን ይበላዋል?» አሉን።

ስሕተቱ በጊዜው ታረመ። ነገር ግን ብዙ ዓመት በመዝገበ ቃላት ሥራ የቆየን ሰዎች በየመንገዱ ዳር የምናየውን ተክል ስም እንዴት እንዳሳሳትነው ማሰላሰላችን አልቀረም። የስሞቹን ታሪክ ወደ ኋላ ስንከተል ያገኘነው ነገር ለቃላት አውጪውም ሆነ ለተርጓሚው የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ከዚህ በታች እናቀርበዋለን።

ለመንደርደሪያ ያህል፣ የምንነጋገርባቸው ዕፀዋት በዝናብ ወቅት ያገኙትን ውኃ በአካላቸው አከማችተው ድርቁን የሚያሳልፉ ናቸው። አንዳንዶቹ ውኃውን በቅጠላቸው ያኖራሉ፤ እሬትና እንዳሁላ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ በግንዳቸውና በቅርንጫፋቸው ይይዙታል፤ ቁልቋልና ቅንጭብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከሥራቸውና ከግንዳቸው መጋጠሚያ ላይ አብጠው ውኃውን በዚያው እብጠት ውስጥ የሚያከማቹ ናቸው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ተክል ወዳዶች ከሁሉ ይልቅ የሚመኙትና በሸክላ ተክለው ለዓመታት የሚንከባከቡት ይህን ሦስተኛውን ወገን ነው። በአማርኛ ግን እስካሁን የታወቀ የወል ስም የለውም።

2. ስም ከባለቤቱ ሲለይ

«ካክተስ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የካክተስ ስም አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በሦስተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ «ካክቶስ» ያለው በሲሲሊያ የሚበቅለውን፣ ከአርቲቾክ ወገን የሆነውን እሾኻም ተክል ነው። በዚያን ዘመን ዛሬ ካክተስ የምንላቸውን ዕፀዋት በሜዲትራንያን ዙሪያ ያያቸው ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ዝርያ በስተቀር የሁሉም የተፈጥሮ አገር አሜሪካ ነውና። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ስሙን አንሥቶ ለአሜሪካዎቹ እሾኻሞች ሰጠ። የሲሲሊያው ተክል ስሙን ተነጠቀ ማለት ነው።

የበለስ የሳይንስ ስም የሆነው «ኦፑንቲያ»ም እንዲሁ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በግሪክ አገር ኦፑስ በምትባል ከተማ አካባቢ የሚበቅል አንድ ተክል በዚህ ስም ያነሣል። ያ ተክል ግን ዛሬ ኦፑንቲያ የምንለው ሊሆን አይችልም፤ ይህኛው ወደ አውሮፓ የተሻገረው ኮሎምቦስ ከአሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ ጥንታዊ ስም ባለቤቱን ትቶ ባሕር ማዶ ለተገኘ እንግዳ ሲሰጥ ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ነው።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወገን የሚጠራበት «ኤውፎርቢያ» የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ፕሊኒ እንደ ጻፈው፣ የሞሪታንያ ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ዩባ በአትላስ ተራራ የተገኘውን ወተታም ተክል በሐኪሙ በኤውፎርቦስ ስም ሰየመው። ይህ ኤውፎርቦስ የአውግስጦስ ቄሣር ሐኪም የነበረው የአንቶንዮስ ሙሳ ወንድም ነው። ስሙ በግሪክኛ «በሚገባ የተመገበ» ማለት ስለሆነ ለወፍራሙ ተክል የተስማማ ነበር። ሊኔየስም ይህን ስም ተቀብሎ አጸናው።

እንግዲህ ካክተስና ኤውፎርቢያ በዘር አይገናኙም። ተራርቀው በሁለት ክፍለ ዓለም ቢያድጉም ያው የውኃ እጦት ተመሳሳይ መልክ ሰጣቸው፤ ቅጠላቸው ጠፋ፣ ግንዳቸው አረንጓዴ ሆኖ ወፈረ፣ እሾህም አወጣ። ሲቆረጡ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። ከኤውፎርቢያ ወዲያው ነጭ ወተት ይፈስሳል፤ ይህም ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ጽኑ ጉዳት ያደርሳል። ከካክተስ የሚወጣው በአብዛኛው ወተት ሳይሆን ጥሩ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ተርጓሚ የሚያጠፋው የዕፀዋት አመዳደብን ብቻ አይደለም፤ ጓንት አጥልቆ ዓይኑን ሳይከልል ለሚቆርጥ ሰው የተሳሳተ ምክር ይሰጣል።

3. ቁልቋልና መንገደኞች

ቁልቋል ወደ አውሮፓ ሳይንስ የገባበት መንገድ ለቋንቋ አጥኚ እጅግ አስተማሪ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ቆይቶ ሲመለስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቁልቋልን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል። ስሙንም ከሕዝቡ አፍ እንደ ሰማው በላቲን ፊደል ጽፎታል። ሁለት ቅርንጫፍ በሰይፍ ቢቆርጥ ብዙ ጋሎን ወተት እንደ ፈሰሰ፣ ሰይፉን ወዲያው ቢያጥበውም እድፉ አልለቅ እንዳለው፣ የአገሩም ሰው ወተቱን ለቆዳ ሥራ ይጠቀምበት እንደ ነበር ይተርካል።

በማግስቱ ዓመት፣ ማለትም በ1791 (እ.ኤ.አ.)፣ ጀርመናዊው ግሜሊን የሊኔየስን መጽሐፍ አስፋፍቶ ሲያሳትም ብሩስ የገለጻቸውን ዕፀዋት አስገባ። እንሰትን ሲመዘግብ የአገሬውን ስም ጠብቆ «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። ይህ ስም በ1862 (እ.ኤ.አ.) የወገኑ ሁሉ መጠሪያ ወደ መሆን ከፍ ብሎ፣ ዛሬ በዓለም ያሉ የሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ሁሉ «ኤንሴቴ» እያሉ ይጽፉታል። ቁልቋልን ሲመዘግብ ግን «ኤውፎርቢያ አቢሲኒካ» አለው። አንድ ሰው፣ በአንድ መጽሐፍ፣ ከአንድ ምንጭ ካገኛቸው ሁለት ስሞች አንዱን አኑሮ ሌላውን በአገር ስም ተካው። እንሰት በስሙ ሲታወቅ ቁልቋል በአገሩ ብቻ ታወቀ።

የቅንጭብ ዕድል ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ቅንጭብ በብዙ ሞቃት አገሮች ለአጥር የሚተከል ስለሆነ በሕንድም ይገኛል። ሆላንዳዊው ቫን ሬዴ ከ1678 እስከ 1693 (እ.ኤ.አ.) በአምስተርዳም ባሳተመው ባለ ብዙ ቅጽ የማላባር ዕፀዋት መጽሐፍ በማላያላም ቋንቋ «ቲሩካሊ» መባሉን መዘገበ፤ ሊኔየስም ያንኑ ወስዶ «ኤውፎርቢያ ቲሩካሊ» አለው። ስሙ የታወቀው የማላባር ሰዎች ቃል ቀድሞ በመጻፉ ነው። ያልተጻፈ ስም እንዲህ ባለው ጊዜ የሚሟገትለት አያገኝም።

ከማዶ፣ ከቀይ ባሕር ባሻገር ያለውም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፎርስኮል ከዴንማርክ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር ወደ የመን ሄዶ ዕፀዋትን ከዓረብኛ ስማቸው ጋር እየመዘገበ ሳለ በ1763 (እ.ኤ.አ.) በወባ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ከሞት የተረፈው ጓደኛው ኒቡር በ1775 አሳተማቸው። በእነዚያ ማስታወሻዎች ውስጥ ከታች ያበጠ ግንድና ቀይ አበባ ያለው አንድ ተክል ይገኛል፤ ፎርስኮል «ኔሪዩም ኦቤሱም» ብሎታል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ወፍራም» ማለት ነው። በ1819 (እ.ኤ.አ.) ሮመርና ሹልትስ ራሱን የቻለ ወገን አድርገው ከዓረቡ ምድር ስም «አዴኒየም» አሉት።

አዴኒየም በደቡብና በምሥራቅ ቆላዎቻችንም ይበቅላል፤ ተክል ወዳዶች በብዛት ከሚያሳድጓቸው ባለ እብጠት ዕፀዋት አንዱም እርሱ ነው። በንግድ ቤት «የበረሃ ጽጌረዳ» እየተባለ ይሸጣል። ከጽጌረዳ ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ ፈሳሹም ልብን የሚያውክ መርዝ ስላለበት በምሥራቅ አፍሪካ ለፍላጻ መቀቢያ ሲያገለግል ኖሯል። የሚያምር ስም አደጋን ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያሻም።

4. በለስ እንዴት በለስ ተባለ

በግእዝ «በለስ» የሾላ ወገን የሆነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ የሚነሣው ዛፍና ፍሬ ነው። ዛሬ በክረምት በከተማ መንገዶች ዳር እየተላጠ የሚሸጠው እሾኻም ፍሬ ግን የኦፑንቲያ ፍሬ ነው። ይህ ተክል ወደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍልና ወደ ኤርትራ ደጋ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ እንደሚተረከውም በሚሲዮናውያን እጅ ነው።

የትግርኛ ተናጋሪው ሕዝብ እንግዳውን ተክል ሲሰይም ሁለት መንገድ ተከተለ። አንደኛው በቅርጹ መመራት ነው፤ ቁልቋልን ስለሚመስል «ቁልቋል ባሕሪ»፣ ማለትም ከባሕር ማዶ የመጣ ቁልቋል አለው። በአማርኛም «ባሕር ዛፍ» እና «ባሕር ማሽላ» የተባሉት በዚሁ ስልት ነው። «ባሕር» የሚለው ቅጽል በእነዚህ ስሞች ውስጥ ተክሉ በውኃ ዳር ይበቅላል አይልም፤ መልኩ የዘመድ፣ አገሩ የባዕድ መሆኑን ይነግራል። ሁለተኛው መንገድ በፍሬው መመራት ነው፤ ጣፋጭና ባለ ብዙ ፍሬ ዘር ስለሆነ «በለስ» ተባለ። ጣልያኖችም ያንኑ ፍሬ «የሕንድ በለስ» ይሉታል።

በሁለቱም መንገድ ቢሆን ነባሩ ወተታም ቁልቋል ስሙን አልተነጠቀም። «ባሕሪ» የሚለው ቃል ሁለቱን ይለያል፤ «በለስ» የሚለውም ይለያል። ይህን የሠራ ኮሚቴ አልነበረም። አንዱን እየበላ ከሌላው ዓይኑን እየጠበቀ የሚኖር ገበሬ ልዩነቱን በስሙ ውስጥ ማኖር ነበረበት። በከተማ አማርኛ ግን ተክሉን ከቅርብ የማያውቅ ሰው እሾኻምና አረንጓዴ ሆኖ ያየውን ሁሉ «ቁልቋል» ማለት ለመደ። እኛም በረቂቃችን የተከተልነው ይህንኑ የከተማ ልማድ ነበር።

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቃል «የዕፅ ስም» የሚል ፍች ሰጥቶ ቢያልፍ ስሕተቱን ያጸናዋል። «ቁልቋል፤ ቅርንጫፉ ባለ ማዕዘን፣ ሲቆረጥ የሚያቃጥል ነጭ ወተት የሚያፈስ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ» ቢል ግን በሁለት መስመር ዓይን ይጠብቃል።

5. እሬት በሽቱ መካከል

የስም መደባለቅ ከባዕድ ቋንቋ ተወርሶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እሬት ያሳየናል። በአማርኛ እሬት ከተክልነቱ አልፎ የመረረ ነገር ሁሉ መለኪያ ነው። ሕፃን ጡት የሚጥለው በእሬት ነው፤ ያዘነም ሰው ኑሮው እሬት እሬት አለኝ ይላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19፣ ኒቆዲሞስ ለመቃብር ካመጣው ሽቱ መካከል ከከርቤ ጋር እሬት ይገኛል። አንባቢ «ይህ መራራ ነገር በሽቱ መካከል ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ በስም ታሪክ ውስጥ አለ። በብሉይ ኪዳን «አሃሊም» ወይም «አሃሎት» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ፣ ሲጤስ የሚሸት እንጨት መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ይህ የእንጨት ስም በድምፅ ተቀራርቦ በግሪክኛ ከ«አሎኤ» ጋር ተገናኘ፤ «አሎኤ» ደግሞ የመራራው ተክል ስምም ነው። ከግሪክኛ በኋላ የመጡ ተርጓሚዎች አንዱን ቃል ሲያዩ የሚያውቁትን ተክል አኖሩ። ማንም በተንኰል አልሠራውም። ሆኖም ቃሉን በመዝገብ እንጂ በዕቃው ያልፈተነ ተርጓሚ ሁሉ ስሕተቱን ለሚከተለው አስተላለፈ።

6. ጭማቂ፣ ስብ ወይስ ሥጋ?

አሁን ወደ ወል ስሞቹ እንመለስ። የእንግሊዝኛው «ሳኩለንት» የመጣው በላቲን ጭማቂ ከሚል ቃል ነው፤ ዓረብኛውም ይህንኑ ተከትሎ «ባለ ጭማቂ ዕፀዋት» ይላል። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ «ስብ ዕፀዋት» ይላሉ፤ ጃፓንኛ «ብዙ ሥጋ ያላቸው» ይላል። እያንዳንዱ ቋንቋ አንዱን ዕቃ በየዓይኑ አይቷል፤ የእኛም ድርሻ ከእነዚህ አንዱን መገልበጥ አይደለም።

«ጭማቂ» በአማርኛ የሚጠጣ ነገር ነው። ዓይን ለሚያጠፋ ወተት ይህን ስም መስጠት ከላይ ባየነው ምክንያት አይገባም። «ስብ» የሚለው ቃል ቅባትን ያስባል፤ በእነዚህ ዕፀዋት ውስጥ ያለው ግን ቅባት አይደለም። «ሥጋማ» ማለት ያስኬዳል፤ ሆኖም ብዙ ፍራፍሬዎችም ሥጋማ ስለሆኑ መለያ አይሆንም። ስለዚህ «ውኃ አዘል ዕፀዋት» የሚለውን መርጠናል። «አዘል» ውስጡ ያለውን ነገር ይናገራል እንጂ ይጠጣል ወይም ይበላል አይልም። ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ይገባል፤ «ውኃ አዘል» ማለት «ውኃ ወዳድ» ማለት አይደለም። እነዚህን ዕፀዋት በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገድላቸው በጥም ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው።

ከታች ያበጠው ክፍል በላቲን «ካውዴክስ» ይባላል። ቃሉ በመጀመሪያ የዛፍ ግንድ ማለት ነበር። ሮማውያን ግንድ ሰንጥቀው የሚጽፉበት ሰሌዳ ስለሠሩ በሌላ አነጋገሩ፣ «ኮዴክስ» ሆኖ፣ መጽሐፍ ማለት ሆነ። ስለዚህ ይህ የተክል ክፍልና የእኛ የሙያ ዕቃ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። እንግሊዛዊው ጎርደን ሮውሊ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ስለ እነዚህ ዕፀዋት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ስማቸው በተክል ወዳዶች ዘንድ በሰፊው ታውቋል።

በአማርኛ «ግንድ» ብንለው ከፊሉ ሥር ነው፤ «ሥር» ብንለው ከፊሉ ግንድ ነው። «ጉቶ» የተቆረጠና የሞተ ነገር ያስመስለዋል። «እንስራ» የሚለው ቃል መልኩን ደኅና አድርጎ ቢያሳይም ሁሉም እንስራ አይመስልም፤ በደቡብ አፍሪካ የዝሆን እግር የሚባል፣ ልባሱ እንደ ኤሊ ጀርባ የተሰነጣጠቀም አለ። ስለዚህ መልኩን ትተን ሥራውን ተከተልን። ከወፍጮው የሚወርደው ዱቄት የሚጠራቀምበት «ቋት» ይባላል፤ የውኃ መጠራቀሚያንም ሰው ሁሉ «የውኃ ቋት» ይለዋል። የተክሉን እብጠት «ቋት»፣ ዕፀዋቱንም «ባለቋት ዕፀዋት» ብንል ማንም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ቃል የሚፈተነው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ አያያዙ የሚነገረውን በዚሁ ቃል ጽፈን እንየው፦

«አዴኒየምን ከዘር የሚያሳድግ ሰው ያማረ ቋት ያገኛል፤ ከቅርንጫፍ የተተከለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቋት አይዝም። አፈሩ ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ፣ አሸዋና ቀይ አሽ የበዛበት ይሁን። ሸክላ በተለወጠ ቁጥር ቋቱን ጥቂት ከአፈር ከፍ ማድረግ ቅርጹን ያሳያል። ቋቱ ቢጨማደድ ውኃ ጠምቶታል፤ ቢለሰልስ ግን በስብሷልና ውኃ አይጨመርበት። የቁልቋል ወገን ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሲተከል ወተቱ ታጥቦ፣ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ለቀናት በጥላ ይቆይ፤ ቆራጩም እጁንና ዓይኑን ይከልል።»

እዚህ ላይ «እስኪጠግግ» የሚለውን ግሥ ልብ ይሏል። የውጭው መመሪያ የቁስሉን መድረቅ ለመግለጽ ልዩ የሙያ ቃል ያስፈልገዋል፤ እኛ ግን ለሰው ቁስል የምንለው ቃል ለተክሉም ሳይጐድል ደርሶለታል። አዲስ ቃል ከማውጣት በፊት ያለውን መፈተሽ የሚገባው ስለዚህ ነው።

7. መደምደሚያ

በቪየና በሾንብሩን ቤተ መንግሥት አንድ ባለቋት ተክል ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ዮሴፍ በ1786 (እ.ኤ.አ.) አትክልተኞች ወደ ደቡብ አፍሪካ ልኮ ካስመጣቸው ዕፀዋት አንዱ ሲሆን፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በሸክላ ውስጥ ኖሯል። በዱር የሚገኙት ወገኖቹ እንደገና እስኪታዩ ድረስ ከዘሩ የቀረው እርሱ ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ነበር። ይህን ያህል ዘመን የቆየው ከአትክልተኛ ወደ አትክልተኛ እየተላለፈ የሚጠብቀው ሰው ስላላጣ ነው።

የአገራችን ውኃ አዘል ዕፀዋት ግን ጠባቂያቸው በአብዛኛው በየአካባቢው ያለው ሕዝብ ነው፤ ከብዙዎቹም ጋር ስማቸው በቃል ብቻ አለ። ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ወገን በሙሉ፣ እንዲሁም የቁልቋልን የመሳሰሉ ውኃ አዘል ኤውፎርቢያዎች፣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን የተወሰነባቸው ናቸው። የፈቃድ ወረቀት የሚጽፍና የሚመረምር ሰው ሁሉንም «ቁልቋል» ካለ የሚጠበቀውን ተክል ከአጥር ተክል መለየት አይችልም።

ስለዚህ ለጊዜው የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። «ቁልቋል» ለወተታሙ የኤውፎርቢያ ዛፍ ብቻ፣ «ቅንጭብ» ለእሾህ አልባው የአጥር ተክል፣ «በለስ» ወይም «ባሕር ቁልቋል» ለኦፑንቲያ፣ «ካክተስ» ለወገኑ በጠቅላላው፣ «ውኃ አዘል» እና «ባለቋት» ደግሞ ለወል ስሞቹ ይሁኑ። ተርጓሚዎች ከዚህ የተሻለ ቃል ቢኖራቸው፣ በተለይም የቆላው ሕዝብ አዴኒየምንና እርሱን የመሳሰሉትን በየቋንቋው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው የሚያውቁ አንባብያን ቢኖሩ፣ ስሙን ከነቦታውና ከነአገልግሎቱ ጽፈው ቢልኩልን በምስጋና እንቀበላለን። ረቂቃችንን ያረሙልን አረጋዊ አትክልተኛ ያለ ምንም መዝገብ ያወቁትን ነገር፣ መዝገባችን ከእርሳቸው በኋላም እንዲያውቀው ማድረግ ይገባናል።